ዋስ አምጣ ያሉት ጊዜ

በ1990ዎቹ መጨረሻ ከባህል አዳራሽ ሰፈር አንድ ልጅ ለትምህርት ወደ ውጭ ሊሄድ ነው ከተባለ፣ ወሬው ከልጁ ቀድሞ ሐይቅ ዳር ይደርስ ነበር። ከተማችንን ሀዋሳን ገና አዋሳ ነበር የምንላት። አብዛኛው ሰው በእግሩ ወይም በብስክሌት ስለሚሄድ ቆሞ ለማውራት ፋታ ነበረው። በተለይ «ሕግ ሊማር ነው» ከተባለ ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ሐኪም የሚጠቅመው የታመመውን ነው፤ ሕግ ተምሮ የመጣ ግን የመሬት ክርክር ያለበትን፣ ውርስ ያጣላውን፣ ቀበሌ ያመላለሰውን ሁሉ ይረዳል ተብሎ ይታሰባል። በሰፈራችን ደግሞ ከሦስቱ አንዱ የሌለበት ቤት አልነበረም።

የቅበላ ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሳጥን ነው። ቤት ሲደርስ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እንግሊዝኛ ይሻላል የተባለው ጮክ ብሎ እያነበበ ይተረጉማል። እንዲህ ካሉት ቡናዎች አንዱን አልረሳውም። አንባቢው የእንኳን ደስ ያለህ መስመሩን ሲጨርስ እልልታው ቀለጠ። ወረቀቱን አጥፎ ወደ ፖስታው ሊመልስ ሲል፣ ፊደል ያልቆጠሩ አንዲት ጎረቤታችን «ቆይ እንጂ ልጄ፣ የቀረውስ ምን ይላል?» አሉ። የቀረው ሦስት ገጽ ነበር። «እንደው ቢታመም የሚያሳክመው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ሲፈለግ፣ የጤና መድኅኑን ተማሪው ራሱ ይገዛል የሚል ተገኘ። «ማደሪያስ?» ሲፈለግ፣ በቀነ ገደቡ ያላመለከተ ተማሪ ክፍል አይያዝለትም ይላል። ያን ሁሉ ደስታ ይዘን ልጁ መንገድ ላይ ሊያድር ነበር።

ቀጥሎ የተናገሩት በሶንጎ ሸንጎ የሰው ነገር ሲሰሙ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በሲዳማ ሽማግሎች ዘንድ ነገሩ እስከ መጨረሻው ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። እሳቸውም ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ «ሄዶ ቢቀርስ?» አሉ። ይኼ ጥያቄ ቡናውን አቀዘቀዘው። ልጁ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር መሥሪያ ቤቱ ውል አዘጋጅቶ «ዋስ አምጣ» ብሎታል። ተምሮ ሲመለስ እንዲያገለግል፣ ካልተመለሰ ግን የወጣበትን የሚከፍል ደመወዝተኛ ይፈለጋል። ዋስ ሊሆኑ እሺ ያሉት የሰፈሩ መምህር ውሉን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና «ለስንት ብር ነው ዋስ የምሆነው?» ብለው ጠየቁ። ውሉ ላይ የብር መጠን አልተጻፈም። ወረቀቱ ተመለሰ፤ መጠኑ ተጽፎበት መጣ፤ መምህሩም ፈረሙ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1922 ዋሱ የሚገደድበት ከፍተኛ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም እንደሚል ያወቅሁት ቆይቼ ነው። መምህሩ አንቀጹን አያውቁትም። የሚያውቁት ደመወዛቸውን ነው።

ያንን ጊዜ አሳምሬ ብቻ ላልፍ አልችልም። መረጃ የሚባለው ነገር ዘመድ ያለው ሰው ንብረት ነበር። የነጻ ትምህርት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ ቀኑ ሊያልፍ ሲል፣ አንዳንዴም ካለፈ በኋላ ነው። ኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ ይቆጥራል፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት የሻይ ዋጋ ይሄዳል። የእንግሊዝኛ ፈተናው አዲስ አበባ፣ ኤምባሲው አዲስ አበባ፣ ማኅተሙ አዲስ አበባ ነው፤ 275 ኪሎ ሜትሩን በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍረን፣ በሻሸመኔና በዝዋይ አልፈን፣ አንድ ማኅተም አስመትተን እንመለሳለን። አጎቱ አዲስ አበባ ያለው ያድራል፤ የሌለው ይደክማል። ሴት ልጅ ደግሞ ቅጹን ይዛ ስትመጣ የሰፈሩ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ጤና መድኅን አልነበረም፤ «መቼ ልታገባ ነው?» የሚል ነበር። ደግ ነበርን፤ ደግነታችን ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም።

ከእኛ በፊት የነበሩት ደግሞ ሌላ ነበሩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በአሜሪካዊው ጄምስ ፖል ዲንነት እስከተከፈተበት እስከ 1956 ዓ.ም ድረስ፣ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሕግ ልማር ያለ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጭ መሄዱ ግድ ነበር። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት አክሊሉ ሀብተወልድ ሕግ የተማሩት ፓሪስ ነው። የሚማሩት ሲሄዱ የሚጽፉት ይመጡ ነበር፤ የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን፣ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በደርግ ዘመን መንገዱ ወደ ሞስኮና ወደ ምሥራቅ በርሊን ዞረ። ተማሪው ምረጥ አይባልም፤ ይመደባል። የእኛ ትውልድ መምረጥ ጀመረ፤ የዛሬው ደግሞ ምርጫው በዝቶበታል።

ዛሬ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ነው፤ ሀዋሳም ከ2012 ዓ.ም ወዲህ የሲዳማ ክልል መዲና ሆናለች። ብስክሌቱን ባጃጅ ተክቶታል። ድሮ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ማስታወቂያ የነበረባቸው ቤቶች አሁን «ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን» ይላሉ። ሰፈሩ ማን ሊሄድ እንደሆነ አያውቅም። ልጁ ለጓደኛው አይናገርም፤ ጓደኛውም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለዚያው ትምህርት አመልክቶ እሱም አይናገርም። የሰው ዓይን ይፈራል። ሁለቱ የሚገናኙት ቦሌ ነው።

በቅርቡ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ቢሮዬ መጣች። ሕግ ጨርሳለች፣ የመውጫ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፋለች፣ የውል ሕግ ላይ ጎበዝ እንደነበረች ከመምህሮቿ ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ» አለችኝ። ፕሮሰሱ ምን እንደሆነ ስጠይቃት የአንድ ኤጀንት ውል አወጣች፤ አንድ ገጽ ነው። ክፍያው በምንም ምክንያት አይመለስም ይላል። ኤጀንቱ ምን እንደሚሠራ ግን አይልም። ሞቲቬሽን ሌተሩን የጻፈላት ኤጀንቱ ነው፤ ለኤጀንቱ የጻፈለት ደግሞ ቻትጂፒቲ እንደሆነ ከሁለተኛው መስመር ያስታውቃል። «ፈርመሻል?» አልኳት። «ፈርሜያለሁ። ይታይልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።» ከፈረሙ በኋላ ማሳየት የዛሬ ልማድ ነው።

አልተቆጣኋትም። ያ የቡና ሸንጎ ይጠይቅላት የነበረውን ጥያቄ አንድ በአንድ አነሣሁላት፤ ለሌሎችም ይጠቅም እንደሆነ እዚህ ልድገመው።

መጀመሪያ፣ ምን ልትማሪ ነው? እዚህ የመጀመሪያውን የሕግ ዲግሪ (ኤልኤልቢ) የያዘ ሰው የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ለሁለተኛ ዲግሪ (ኤልኤልኤም) ነው፤ እንግሊዝም አሜሪካም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። የአሜሪካው ጄዲ ሌላ ነገር ነው፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሦስት ዓመት የሚፈጅ የጥብቅና መግቢያ ትምህርት ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀጥታ ሄዶ የመጀመሪያ የሕግ ዲግሪ የሚማር ደግሞ የሚማረው የዚያን አገር ሕግ መሆኑን ይወቅ። ወላጆች ይኼን ይዘነጉታል። ሒሳብ የትም ሒሳብ ነው፤ ሕግ ግን ድንበር ሲሻገር ይለወጣል። ሲመለስ ዲግሪውን ለአቻ ግምት ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይወስዳል፤ 3,367 አንቀጽ ያለውን የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለብቻው መማር ይጠብቀዋል። ኤልኤልኤም ይዞ ኒውዮርክ ላይ ጠበቃ እሆናለሁ የሚልም ካለ፣ እዚያ ለጥብቅና ፈተና ለመቀመጥ ቢያንስ 24 ክሬዲት እንደሚያስፈልግና የተወሰኑት ኮርሶች አስቀድመው የተደነገጉ መሆናቸውን ከመመዝገቡ በፊት ይመልከት። ለዚያ የሚበቃው ሁሉም ኤልኤልኤም አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስምሽና ዘመንሽ። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። ዲግሪው ላይ ሁለት ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ ሦስት ስም ይሆናል፤ አንዱ ላይ የአባት ስም በአንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ ተጽፎ ይገኛል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ሁልጊዜ፣ በየፎርሙ። ዘመን አቆጣጠሩም እንደዚያው ነው። በ2016 ዓ.ም የተመረቀ ልጅ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለውን ዓመት ሳይቀይር ቢያስገባ፣ ፈረንጁ በእርሱ 2016 ተመርቆ ስምንት ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው አድርጎ ያነበዋል። ድሮ ይኼን የሚይዝልን ከእኛ በፊት የሄደ ሰው ነበር።

ሦስተኛ፣ ወረቀትሽ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሁሉ የኮስት ሼሪንግ ውል ፈርሟል። ሲመረቅ ቴምፖራሪ ዲግሪ ይሰጠዋል፤ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ሲጠይቅ ውሉ ይታወሳል። የቅበላ ቀነ ገደብ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሬጅስትራር በር ላይ ተሰልፎ የሚደነግጠው ተማሪ ብዙ ነው። የሚያስደነግጥ አዲስ ነገር ግን የለም፤ ገና በመጀመሪያው ዓመት የፈረመው ነው። አንድ የሕግ ተማሪ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ትልቅ ውል የሚፈርመው ያን ቀን ይመስለኛል፤ ያነበበው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ኦፊሻሉን ቀድሞ ማስላክ፣ ሰነዶቹን በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ ከተፈለገ ከወራት በፊት መጀመር፣ የማኅተሙን ቅደም ተከተል ከተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

አራተኛ፣ ገንዘቡ። በታወቁት የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች የኤልኤልኤም የአንድ ዓመት ክፍያ ብቻውን ከ70 ሺሕ ዶላር በላይ ነው። በእንግሊዝ ከትምህርት ክፍያው ሌላ ተማሪ በዓመት 776 ፓውንድ የጤና ክፍያ ከቪዛው ጋር ይጠየቃል፤ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቲቢ ምርመራ ውጤትም ያቀርባል። ጀርመን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎቿ ክፍያ ባይጠይቁም፣ ስፖንሰር የሌለው ተማሪ ለዓመቱ ኑሮ 11,904 ዩሮ በታገደ ሒሳብ ማስቀመጡን ማሳየት አለበት። ቁጥሮቹ በየጊዜው ስለሚያድጉ ከኤምባሲው ገጽ ላይ ራስሽ አረጋግጪ አልኳት፤ ከቴሌግራም አይደለም።

የነጻ ትምህርቱ በር ደግሞ ከሚባለው በላይ ክፍት ነው። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት፣ ማለትም የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የአሜሪካው ፉልብራይትና የጀርመኑ ዳድ አሉ። ለአፍሪካ የሕግ ምሩቃን ደግሞ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብቶች ማዕከል አንድ የታወቀ ኤልኤልኤም አለው፤ ተማሪዎቹ ግማሹን ዓመት ፕሪቶሪያ፣ ግማሹን በሌላ የአፍሪካ አገር አጋር ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከአጋሮቹ አንዱ ሆኖ ቆይቷል። የፈረንጅ አገር ብቻ ውጭ የሚመስላቸው ሰዎች ይኼን ያልፉታል። ቼቭኒንግም ሆነ ፉልብራይት ወይም ዳድ ለማመልከት ገንዘብ አያስከፍሉም። ቼቭኒንግ ያገኘ ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ ቢያንስ ሁለት ዓመት አገሩ እንዲቆይ ይጠበቅበታል፤ ፉልብራይትም የሁለት ዓመት የመመለስ ግዴታ አለበት። ግዴታው መጥፎ አይደለም። መጥፎው «ፉሊ ፈንድድ» የሚለውን ብቻ አንብቦ የቀረውን ከሄዱ በኋላ መስማት ነው።

አምስተኛ፣ ክፍል ውስጥ የሚጠብቅሽ። ይኼን ከራሴ የማውቀው ነው። እኛ የሠለጠንነው አንቀጽ በመፈለግ ነው። ጥያቄ ሲቀርብልን ቁጥሩን እናስታውሳለን፤ ቁጥሩ ከተገኘ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። እኔ የሄድኩበት አገር መምህሩ አንድ ፍርድ አስነብቦ «ዳኛው ተሳስቷል ትላለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዳኛ ሊሳሳት ይችላል ብሎ በሰው ፊት መናገር የለመድኩት ነገር አልነበረም፤ ዝም አልኩ። መምህሩ ዝምታዬን ካለማንበብ ቆጠረው። እኔ ግን ፍርዱን ደጋግሜ አንብቤው ነበር። የዛሬዎቹ በዚህ ከእኛ ይሻላሉ። ከ1997 ዓ.ሙ አዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ የሰበር ውሳኔ ቅጾችን አገላብጠው፣ ተችተው ነው የሚመረቁት። እንግሊዝም አሜሪካም የሚፈለገው ይኸው ልማድ ነው። ፈረንሳይ ወይም ስዊዘርላንድ የሄደ ደግሞ የሕጎቻችንን ዘመዶች እዚያ ያገኛል። ከሌላ ሰው የወሰዱትን ሐሳብ ምንጩን ሳይጠቅሱ መጻፍ ግን የትም አገር ከትምህርት ሊያስባርር ይችላል፤ በሰው እጅ የተጻፈ ሞቲቬሽን ሌተር ለዚህ ጥሩ ልምምድ አይደለም።

ስድስተኛው የጥናት ርዕሷ ነበር። ኤጀንቱ የጻፈላት ስለ ዓለም አቀፍ ንግድና ስለ ዲጂታል ኢኮኖሚ ነው። «ይኼን የት አየሽው?» ስላት ሳቀች። አያቷ በሶንጎ የሚቀመጡ ሰው ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የቤተሰብና የግል ጉዳዮች፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ በባህልና በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ በር ከፍቷል። የሲዳማ ሽማግሎች ነገር ሰምተው የሚፈርዱበት የአፊኒ ሥርዓት ከመደበኛው ፍርድ ቤት ጋር የት እንደሚገናኝና የት እንደሚጋጭ፣ ሴቶች በዚያ ሸንጎ ምን ያህል እንደሚሰሙ፣ ለአንድ የሎንደን ወይም የፕሪቶሪያ ፕሮፌሰር የዓመት ጥያቄ ነው። እሷ ግን ልጅነቷን ሁሉ ስትሰማው ኖራለች። ያላትን ትታ ሌላው ሁሉ የሚጽፈውን እንድትጽፍ ብር ከፍላለች።

የመጨረሻው፣ ዋስሽ ማነው? አልኳት። እሷም የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ዋስ አምጪ ተብላለች። የሥራ ባልደረባዋ፣ ሁለት ልጅ የምታሳድግ ሴት፣ ልትፈርምላት ተስማምታለች። «ምን እንደምትፈርም ነግረሻታል?» ዝም አለች። ወደ ውጭ ሄደው ስለ ቀሩት ብዙ ይወራል፤ እዚህ ቀርተው ደመወዛቸው ስለሚቆረጥባቸው ዋሶች የሚያወራ የለም። የቀረው ልጅ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲመጣ ከዚያ ማዶ ፎቶ ይልካል፤ ዋሱ በየወሩ የደመወዝ ወረቀት ይቀበላል። ከእኛ ዘመንም እንዲህ ያደረጉ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ስላነበበ ሁሉም ተመለሰ ማለት አይደለም። ግን ዋስ የሆነው ሰው ምን ውስጥ እንደሚገባ አውቆ ገባ፤ ልጁም መምህሩ መነጽር አድርገው ሲያነቡ አይቶ ነው የሄደው፤ የቀረ ቢቀር ማን ላይ እንደቀረ ያውቃል።

ልጅቷ ወረቀቶቿን ሰብስባ ስትነሳ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «ጋሼ፣ የኤጀንቱን ውል ማፍረስ አይቻልም?» ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ኤጀንቱ የገባው ግዴታ ምን እንደሆነ እንኳ የማይገልጽ ውል መከራከሪያ አያጣም። ማንበብ አቅቶኝ ነው የፈረምኩት የሚለውን ግን አትሞክሪው አልኳት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1728 ንዑስ አንቀጽ 3 የዓይነ ስውርና የማይም ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ካልተረጋገጠ፣ እንደማያስገድደው ይደነግጋል። እኒያ ፊደል ሳይቆጥሩ ሦስት ገጽ ያስነበቡት ጎረቤታችን ጥበቃ አላቸው። የሕግ ምሩቋ ግን በዚያ አንቀጽ ውስጥ ቦታ የላትም።